ባንዱ ራሱ የሸሸው ዘፈን፦ የሬዲዮሄድ «ክሪፕ» እንዴት ተሠራ፣ ማንስ አነሣው?

ጥያቄ ከ«የማታ ጊታር»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እኅቶች። ከጓደኞቼ ጋር በምሠራበት ትንሽ ባንድ ውስጥ ጊታር እጫወታለሁ፤ በቅርቡ ሬዲዮሄድ የተባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ «ክሪፕ» ለመድረክ ስናዘጋጅ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ድምፃዊያችን ዘፈኑ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ እንደሆነ አጥብቆ ይናገራል። እኔ ያነበብሁት ግን ከዚህ የራቀ ነው። ነጠላ ዜማው በመስከረም 1992 በእንግሊዝ ሲወጣ በሽያጭ ሰንጠረዡ ላይ ከ78ኛ ደረጃ አላለፈም፤ የተሸጠውም ስድስት ሺህ ቅጂ ያህል ብቻ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ያው ቀረጻ በዚያው አገር እንደገና ወጥቶ 7ኛ ሆነ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዘፈኑ አልተለወጠም፤ ታዲያ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው? ቀረጻው እንዴት እንደተከናወነ የምታውቁ፣ እንዲሁም ለስኬቱ ዋናው ምክንያት የዘፈኑ አሠራር ይሁን የሬዲዮ ሰዎች ውሳኔ የምታስረዱኝ ካላችሁ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንድ የሙያ ጥያቄም አለኝ፤ ከአዝማቹ በፊት የሚሰማው፣ ጊታሩ የታነቀ የሚመስልበት ያ ከባድ ምት በቅንብር ታስቦ የገባ ነው? እኛ ስንጫወተው ሁልጊዜ ይለሰልስብናል።


መልስ ከ«ቀረጻ ክፍል»

ያነበቡት ትክክል ነው። የቀረጻው ታሪክ ካልታወቀ የቀረውን ለመረዳት ስለሚያስቸግር ከዚያ ልጀምር።

የባንዱ ድምፃዊ ቶም ዮርክ ዘፈኑን የደረሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ በኤክሲተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ግጥሙ ለሚወዳት ሴት አልመጥንም፣ ካለሁበት ቦታም አልገባም ብሎ ራሱን የሚንቅ ወጣት እሮሮ ነው። አምስቱ የባንዱ አባላት ኦክስፎርድ አጠገብ በምትገኘው አቢንግደን አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ሲሆኑ፣ በ1991 መጨረሻ ኢኤምአይ ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር የስድስት አልበም ውል ተፈራርመው ነበር። በ1992 የጸደይ ወራት ያወጡት የመጀመሪያ ሥራቸው «ድሪል» ብዙም ሰሚ ስላላገኘ ኩባንያው ሌሎች ፕሮዲውሰሮችን ፈለገ፤ ከአሜሪካዋ ቦስተን የመጡት ሾን ስሌድና ፖል ኮልደሪ ወደ ሥራው የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሁለቱ ሰዎች የተጠሩት ለ«ክሪፕ» አለመሆኑ ነው። ኩባንያው እንዲቀረጹለት የፈለጋቸው «ኢንሳይድ ማይ ሄድ» እና «ለርጊ» የተባሉ ሁለት ዘፈኖች ነበሩ። በልምምድ ላይ ባንዱ ሳይጠየቅ «ክሪፕ»ን ተጫወተ፤ ዮርክም ሲያበቁ «የእኛ የስኮት ዎከር ዘፈን» መሆኑን ተናገረ። በዚያ አንጋፋ ድምፃዊ መንገድ የተሠራ መሆኑን መናገሩ ነበር፤ ስሌድና ኮልደሪ ግን ከስኮት ዎከር የተወሰደ ዘፈን መሰላቸው፤ ከሰሙት ሁሉ የሚበልጠው ዘፈን የባንዱ አይደለም ብለውም አዘኑ።

ከዚያ በኋላ በኦክስፎርድሽር በሚገኘው የቺፒንግ ኖርተን ስቱዲዮ ቀረጻው ተጀመረ፤ የታዘዙት ሁለት ዘፈኖች ግን አልሆን አሉ። ሁሉም ሰው በደከመበትና ፊቱ በጠቆረበት ሰዓት፣ መንፈሳቸው እንዲነቃቃ ተብሎ ያንን ዘፈን እስኪ ተጫወቱት ተባሉ። አንድ ጊዜ ተጫወቱት፤ እሱም ተቀረጸ፤ ሲያበቃም ስቱዲዮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። የራሳቸው ድርሰት መሆኑ ሲረጋገጥ ኮልደሪ ወደ ኢኤምአይ ደውሎ ነጠላ ዜማው ይህ እንዲሆን ወተወተ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ተአምር ያወራዋል፤ እኔ በቀረጻ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ከዚያ ይልቅ የታወቀ ነገር ሆኖ ይታየኛል። ተጫዋቾች «ዛሬ የሚወጣው ዘፈን ይህ ነው» ሲባሉ እጃቸው ይከብዳል፣ እያንዳንዱን ኖታ እየፈሩ ይነኩታል። ቺፒንግ ኖርተን ላይ ግን ከዚህ ዘፈን ማንም ምንም ስላልጠበቀ ያ ፍርሃት አልነበረም፤ የዮርክ ድምፅም ወደ መጨረሻው ላይ ሲወጣ የሚሰማው መንቀጥቀጥ የተጠና አይመስልም።

ወደ ጊታሩ ምት ስመጣ፣ መልሱ አልታሰበበትም ነው። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጆኒ ግሪንውድ ዘፈኑ ጸጥ ማለቱን አልወደደውም፤ ስለዚህ ጊታሩን በኃይል መታው። የባንዱ ሁለተኛ ጊታር ተጫዋች ኤድ ኦብራየን በኋላ ሲናገር ጆኒ ዘፈኑን ሊያበላሸው እየሞከረ እንደነበረ ገልጿል፤ ያ የማበላሸት ሙከራ ግን ከዘፈኑ ሁሉ በላይ ሰው የሚያስታውሰው ክፍል ሆነ። ግጥሙ ራሱን ስለሚጠላ ሰው የሚናገር ነውና ጊታሩ ዘፈኑን ሲጠላው መስማት ከግጥሙ ጋር ይስማማል። ለስላሳው ክፍል እንዲህ ባይጎዳ ኖሮ አዝማቹ ሲፈነዳ ይህን ያህል ያስደነግጥ አልነበረም።

እናንተ ስትጫወቱት የሚለሰልሰው ምናልባት ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን መሣሪያ) የምትከፍቱት አዝማቹ ሲጀምር ስለሆነ ይሆናል። ከምቱ በፊት መከፈት አለበት። የግራ እጃችሁን ጣቶች ክሮቹ ላይ ሳትጫኑ አሳርፏቸው፤ በቀኝ እጅ ስድስቱንም ክር በአንድ ጊዜ በኃይል ምቱ። መሰማት ያለበት ኮርድ ሳይሆን የታፈነ ድምፅ ነው። ከሁሉ በላይ ምቱ ቀድሞ መድረስ የለበትም፤ ከበሮውን ጠብቁት።

ስለ ፒያኖውም አንድ ነገር ልጨምር። ጆኒ ፒያኖም ተጫውቶ ነበር፤ ኮልደሪ ሚክስ ሲያደርግ (የተቀረጹትን ድምፆች ሲያዋህድ) ግን እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ማስገባቱን ረሳው። ባንዱ ሰምቶ ወደደው። ዛሬ ዘፈኑ ሊያበቃ ሲል ፒያኖው ብቅ ሲል የምንሰማው ለዚህ ነው።


መልስ ከ«ሐይፋ»

ከላይ የተጻፈውን በደስታ አነበብሁት፤ ነገር ግን ጠያቂው በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ ላሉት መልሱ ስቱዲዮው ውስጥ አይገኝም። መልሱ ከእንግሊዝ ውጭ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም እኔ ባለሁበት አገር በእስራኤል የተጻፈ ነው።

በእንግሊዝ የቢቢሲ ሬዲዮ 1 ሰዎች ዘፈኑ እጅግ የሚያስተክዝ ነው ብለው ጥቂት ጊዜ ብቻ አሰምተው ተዉት። በዚያን ዘመን ዋናው የመንግሥት ሬዲዮ ጣቢያ ያልደጋገመው ነጠላ ዜማ በአገሪቱ የመሰማት ዕድሉ በጣም ጠባብ ነበር። በ1992 መጨረሻ ገደማ ግን በእስራኤል የሚገኝ የኢኤምአይ ወኪል ዘፈኑን ለታዋቂው የሬዲዮ ሰው ለዮአቭ ኩትነር ሰጠው፤ ኩትነርም ወደደውና እየደጋገመ አሰማው። ዘፈኑ በአገሪቱ ሁሉ ተሰማ፤ በለንደን ማንም የማያውቃቸው ልጆች በ1993 እዚህ መጥተው ሲጫወቱ እንደ ታላቅ ባንድ ነበር የተቀበሏቸው።

እኔ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከመጡት አንዱ ነኝ። ዘፈኑን የሰማሁት ገና መርከዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ሳለን ነው፤ ጠዋት ኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት) እንማራለን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከመድሪኻችን (ከአስተባባሪያችን) ጋር እንቀመጣለን፤ እሱ ሬዲዮኑን ከእጁ አይለይም ነበር። እንግሊዝኛው አይገባንም፤ ዕብራይስጡም ገና አልገባንም ነበር። ያ የጊታር ምት ሲመጣ ግን እኛ ወጣቶቹ ሁሉ ቀና እንል ነበር። የግጥሙን ትርጉም ከዓመታት በኋላ ሳውቀው፣ እዚህ ቦታ ምን አደርጋለሁ የሚለው ስሜት እኔም የማውቀው ሆኖ ስላገኘሁት ነው ይህን ዘፈን እስከ ዛሬ የምወደው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ከእስራኤል ሌላ በኒው ዚላንድ፣ በስፔንና በስካንዲኔቪያ አገሮችም ዘፈኑ ተወደደ። በዚያው ሰሞን በሳን ፍራንሲስኮ ኬአይቲኤስ የሚባለው የአልተርኔቲቭ ሮክ ጣቢያ በዘፈን ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው፤ ሌሎች የምዕራብ ጠረፍ ጣቢያዎችም ተከተሉት። ለሬዲዮ የሚሆን፣ የስድቡ ቃል በለዘበ ቃል የተተካበት ቅጂም ተዘጋጀ፤ ባንዱ በዚህ ደስተኛ ባይሆንም በአሜሪካ ሬዲዮ ያለዚያ መግባት አይቻልም ነበር። በ1993 አጋማሽ ዘፈኑ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት የሞደርን ሮክ ሰንጠረዥ 2ኛ፣ በዋናው የመቶ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ደግሞ 34ኛ ደረጃ ደረሰ። ኢኤምአይ በእንግሊዝ በመስከረም 1993 እንደገና ያወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ባንዱ ግን መጀመሪያ ላይ እንደገና እንዲወጣ አልፈለገም ነበር።

ስለዚህ ለጠያቂው በግልጽ ልናገር። ዘፈኑን ያነሡት የኩባንያው የማስታወቂያ ሰዎች አይደሉም፤ የሚያሰሙትን ራሳቸው የመምረጥ ነጻነት የነበራቸው ጥቂት የሬዲዮ ሰዎች ናቸው። ስማቸው በአልበሙ ሽፋን ላይ የለም፤ ነገር ግን እነሱ ባይኖሩ 78ኛ ላይ በቀረ ነበር።


መልስ ከ«አራተኛው ኮርድ»

ከሐይፋ የጻፉት ወገናችን ያሉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ሆኖም ሬዲዮ ብዙ ዘፈን ይደጋግማል፣ የሚደጋገመው ሁሉ ግን ሠላሳ ዓመት አይኖርም። ስለ ዜማው አንድ ነገር መባል አለበት።

ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአራት ኮርዶች (በአንድነት በሚሰሙ የድምፅ ስብስቦች) ብቻ ይዞራል፦ ጂ ሜጀር፣ ቢ ሜጀር፣ ሲ ሜጀር፣ ሲ ማይነር። ለአዝማቹ እንኳ ሌላ ኮርድ አልተጨመረም። ኮርዶቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ስትነኳቸው ውስጣቸው የሚሄደውን ድምፅ ተከታተሉ። በመጀመሪያው ኮርድ ውስጥ ዲ አለ፤ በሁለተኛው ግማሽ ድምፅ ወጥቶ ዲ ሻርፕ ይሆናል፤ በሦስተኛው ኢ ላይ ይደርሳል፤ በአራተኛው ወደ ኢ ፍላት ይመለሳል፤ ዑደቱ እንደገና ሲጀምር ወደ ዲ ይወርዳል። ወደ ላይ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያም ወደ ታች ሁለት እርምጃ ማለት ነው። ሰውየው ቀና ሊል ሞክሮ መልሶ አንገቱን ሲደፋ በኮርዶቹ ውስጥ ይሰማል፤ ግጥሙ የሚለውም ይህንኑ ነው።

የእኛ ጆሮ አራተኛውን ኮርድ በቀላሉ ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ። ከሲ ተነሥታችሁ የትዝታን ሜጀርና ማይነር ብትጫወቱ፣ ሁለቱን ከሚለዩአቸው ድምፆች አንዱ ይኸው ከኢ ወደ ኢ ፍላት የሚደረገው ለውጥ ነው። ዘፈኑ ከቅኝታችን ጋር ዝምድና አለው ማለቴ አይደለም፤ ያቺ አንዲት ግማሽ ድምፅ ስትወርድ ሆድ የምታባባው ለምን እንደሆነ ግን ትዝታ ሲሰማ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ሳያነሣው ወደሚያልፈው ጉዳይ ልግባ። ይህ የኮርድ ሂደት አዲስ አልነበረም። አልበርት ሃመንድና ማይክ ሄዝልውድ የደረሱት፣ ዘ ሆሊስ የተባለው ባንድ በ1974 ያስወደደው «ዚ ኤር ዛት አይ ብሪዝ» የሚባል ዘፈን በተመሳሳይ ኮርዶች ይሄዳል፤ በ«ክሪፕ» መካከለኛ ክፍል ያለው ዜማም ከእሱ ጋር ይቀራረባል። የዘፈኑ የመብት ባለቤት የሆነው አሳታሚ ጥያቄ ሲያነሣ ሬዲዮሄድ ነገሩን አልካደም፤ በዚህም ምክንያት ሃመንድና ሄዝልውድ የ«ክሪፕ» ተባባሪ ደራሲ ተብለው ተመዘገቡ፣ ከገቢውም ድርሻ ተሰጣቸው። ሃመንድ በኋላ እንደተናገረው ባንዱ በሐቀኝነት ስላመነ ሁለቱ ደራሲዎች ሁሉንም እንውሰድ አላሉም፤ የወሰዱት ጥቂት ነው። በእኛ አገር የዜማ መብት ክርክር ሲነሣ አንዱ ወገን ፈጽሞ አልወሰድሁም፣ ሌላው ሁሉም የእኔ ነው ሲል ነገሩ በየመድረኩ እያደር ይመራል፤ ይህ አፈታት ለሁላችንም የሚጠቅም ምሳሌ ነው።


መልስ ከ«የዘጠናዎቹ ጆሮ»

በአንድ ነጥብ ላይ በአክብሮት ልለይ። የሬዲዮ ሰዎቹን ምርጫ እንደ ግል ድፍረት ብቻ ማየት ዘመኑን ይዘለዋል። ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ አልበም «ኔቨርማይንድ» በመስከረም 1991 ወጥቶ በጥር 1992 የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ አናት ላይ አውርዶት ነበር። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ያለ የአልተርኔቲቭ ሮክ ጣቢያ ሁሉ በለሆሳስ ጀምሮ በጩኸት የሚፈነዳ፣ ስለ ተገለለ ወጣት የሚናገር ዘፈን ይፈልግ ነበር። «ክሪፕ» ያን ጊዜ ደረሰ። እንዲያውም አንዳንድ እንግሊዛውያን ሰሚዎች ከአሜሪካ የተቀዳ ነገር አድርገው ስላዩት ነው ፊት የነሱት።

ይህ ምክንያት ለሳን ፍራንሲስኮ ይሠራል፤ ለእስራኤሉ ግን ሙሉ መልስ እንደማይሆን አምናለሁ። እዚያ በእርግጥ የአንድ ሰው ጆሮ ነው የሠራው።


ከ«የማታ ጊታር»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዲስቶርሽኑን ነገር ትናንት ሞክረነው ልዩነቱ ወዲያው ተሰማን፤ የከበሮ ተጫዋቻችን ደንግጦ ቆመ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያነሣቸውን ዘፈን ባንዱ ለምን ጠላው? ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ እንደማይጫወቱት እሰማለሁ፤ ለሰሚው ንቀት አይሆንም ወይ?


መልስ ከ«ቀረጻ ክፍል»

ንቀት ነው ብዬ አላምንም። በ1993 አሜሪካን ሲዞሩ ብዙ ተመልካች የሚመጣው ለዚህ አንድ ዘፈን ነበር፤ «ክሪፕ» ካለቀ በኋላ ሌላው ሳይሰማ አዳራሹ ይሳሳ ነበር። ቀድሞ የተጻፈን አንድ ዘፈን በየምሽቱ ለማያውቁት ሰው ሲዘፍኑ መኖር አዲስ ለሚጽፍ ሙዚቀኛ ትልቅ ሸክም ነው። ከባንዱ አባላት አንዱም ያንኑ የአራት ደቂቃ ሕይወት ደግመን ደጋግመን የምንኖር ይመስለኛል በሚል መንፈስ አማርሮ ነበር። በ1994 ያወጡት «ማይ አይረን ላንግ» የተባለ ዘፈን ስሙን ያገኘው ሽባ የሆኑ ሕሙማን በሕይወት ከሚቆዩበት፣ ነገር ግን እንደ ልብ መንቀሳቀስ ከማያስችላቸው የመተንፈሻ ማሽን ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ «ክሪፕ» ነው። በሕይወት ያቆያቸውም ያሰራቸውም እሱ ነበርና። በእኔ ግምት በ1995 የወጣው አልበማቸው «ዘ ቤንድስ» እንዲያ የጠነከረው በከፊል ከዚህ እልህ የተነሣ ነው።

ከ1997ቱ አልበማቸው «ኦኬ ኮምፒውተር» በኋላ ዘፈኑን ለዓመታት ተዉት። በ2001 ግን ባንዱ በተነሣበት በኦክስፎርድ፣ ሳውዝ ፓርክ በተባለው ሜዳ ሲጫወቱ መጨረሻ ላይ የኪቦርድ መሣሪያው ስለተበላሸ በምትኩ ይህንኑ ተጫወቱ። በ2009 የሬዲንግ ፌስቲቫልን የከፈቱት በእሱ ነው፤ ከዚያም እንደገና ዝም ብለው በ2016 ፓሪስ ላይ መለሱት። ይህን ሁሉ ሳይ፣ ሰሚውን የማይንቁ፣ ነገር ግን ዘፈኑ በተጠየቀ ቁጥር ሳይሆን በራሳቸው ፈቃድ እንዲወጣ የሚፈልጉ ሰዎች ሆነው ይታዩኛል።

ጠልተውታል ለሚለው ጥያቄዎ የተሻለ መልስ የሚሆነው ግን በ2008 የተፈጠረው ነው። አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፕሪንስ በኮቼላ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ «ክሪፕ»ን በራሱ መንገድ ተጫወተው፤ ተመልካቾች በስልክ የቀረጹትን ምስል ግን ከኢንተርኔት አስወረደ። ኤድ ኦብራየን ለመመልከት ሲሞክር መከልከሉን ዮርክ ሲሰማ፣ ዘፈኑ የእኛ ነውና ይክፈቱት ብሎ ተናገረ።